በሕግ አምላክ፣ ትልልቁ ነገር የት ገባ?

እናንተ የዕድሜ እኩዮቼ፣ ዓይናችሁ የስልክ ፊደል አልለይ ብሎት የልጅ ልጅ የምትለማመጡ፣ ጉልበታችሁ የዳገት ወሬ ሲነሳ የሚብረከረክ ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ አለሁ፤ ይህ መኖር ከተባለ። ዓለም ግን ዓይናችን እያየ ሟሟች። እንጀራው ጠበበ። ዳቦው በሁለት ጉርሻ አለቀ። ጋቢው ትከሻን ሲሸፍን ወገብን ያጋልጣል። በርጩማው ከማጠሩ የተነሳ የተቀመጠበት ሰው ጉልበቱ ከጆሮው ይገናኛል። አንድ ያላነሰ ነገር ቢኖር ዋጋ ነው። እሱማ እየገዘፈ እየገዘፈ ራስ ዳሸንን ቁልቁል ሊያይ ምንም አልቀረው።

ድሮ ነገር ሁሉ ትልቅ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ከሊማሊሞ ግርጌ፣ ድብ ባሕር ነው፤ ያረጀሁት ደግሞ ከገደሉ በላይ፣ ደባርቅ። ብሥራተ ወንጌል የሚባለው ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. ሥርጭት በጀመረ ሰሞን አባቴ ያስመጡት ሬዲዮ በአጋሰስ ተጭኖ፣ ሁለት ጎልማሶች ግራና ቀኝ ደግፈውት ነው ሊማሊሞን የወረደው። ሲከፈት ወዲያው አይለፈልፍም፤ ክብር አለው። ቱቦው እስኪሞቅ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ሲሞቅም ግማሹ ወሬ፣ ግማሹ ጩኸት ነበር፤ ግን ምን ያለ ጩኸት መሰላችሁ! የዛሬ ዘፈን ያን ያህል ጥራት የለውም። ብርዱ እንኳ ያን ጊዜ በአጥንት ገብቶ የሚሞቅ ብርድ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ማዶ ብትሄዱማ ትልቅነቱ ይብሳል። እዚሁ ሰሜን ውስጥ፣ ደረስጌ ማርያም፣ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ሲያሠሩ «በኪስ የሚገባ አድርጉልኝ» አሉ እንዴ? 7 ቶን ገደማ አስወጡት እንጂ! መቅደላ ድረስ ሠራዊቱ ጎተተው። ኮምፒውተር ራሱ ሲወለድ ወግ ያለው ፍጡር ነበር። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1946 ለዓለም ያሳዩት ኢኒያክ የሚባለው 30 ቶን ገደማ ይመዝን፣ 18 ሺህ ያህል ቱቦ በሆዱ ያነድ ነበር። ኮምፒውተር ማለት ያ ነው! ሰው ገብቶ ይዘዋወርበታል፤ ብርድ ቢሆን ይሞቅበታል፤ ሌባ ቢመጣ ተሸክሞት አይሮጥም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባምና፣ የልጅ ልጄ ከዕለታት አንድ ቀን አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ «አባባ፣ ትንሽዬ የጌም ኮምፒውተር ልገጣጥም ነው፤ ገንዘብ ግን ብዙ የለኝም» አለኝ። አያችሁልኝ? ትንሽዬ! ልጁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ የተማረ እያለ ይመርቀዋል። ተምሮ ያመጣው ምኞት የሚያንስ ነገር መሆኑ ነው። እኛ ሳንማር የምንመኘው ቢያንስ በቅሎ ነበር።

ካነሰ ይረክሳል የምትሉ ካላችሁ ይህ ዘመን ገና አልገባችሁም። ቪያ የሚባል የታይዋን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 አራቱም ጎኑ 17 ሳንቲ ሜትር የሆነ ማዘርቦርድ አወጣ፤ ሚኒ አይቲኤክስ ይሉታል። በእኔ እጅ አንድ ስንዝር አይሞላም። ብረቱ ቀነሰ፣ መዳቡ ቀነሰ፣ ዋጋው ግን ከሰፊው ቦርድ በለጠ! ለእሱ የሚሆነው ጠባብ ኬዝ ውድ፤ በጠባቡ ኬዝ የሚገባው ትንሽ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ የባሰ ውድ። ለምን ብዬ ብጠይቀው «አባባ፣ ይህን ሁሉ አጣቦ ማስገባት ከባድ ነው፤ ሙቀቱም ያስቸግራል፤ ገዢውም ጥቂት ስለሆነ በብዛት አይመረትም» ይለኛል። በእኛ ጊዜ ጠባብ ቤት የሠራ ሰው ይታዘንለት ነበር እንጂ ጭማሪ አይከፈለውም።

የመጀመሪያ አሳቡ ራይዘን 5 5600ጂ የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን ፕሮሰሰር መግዛት ነበር። የሥዕሉን ሥራ የሚሠራው ክፍል እዚያው ፕሮሰሰሩ ሆድ ውስጥ ስላለ ሌላ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልገውም አለኝ። አሳቡስ ባልከፋ። ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ መቶን ዘሎ አለፈ። ሁሉ ሲያንስ ብር ብቻውን ምን በወጣው፤ እሱም አነሰ። ልጁ የዕቃዎቹን ዋጋ በብር ደምሮ ነገረኝ፤ በብር አልገባ ሲለኝ በበግ አሰላሁት። በበግ ሳሰላው መንጋ ሆነ። እረኛውን ጭምር ብንሸጥ ኪቦርዱ ይጎድላል።

ስለዚህ ወደ አሮጌው ዞርን። ፈረንጅ በቢሮው ሲገለገልበት ከርሞ የጣለው ኮምፒውተር በመርከብና በዱባይ ዞሮ መርካቶ ይደርሳል፤ «ያገለገለ» ይባላል፤ ይሸጣል። ለምን እንደጣለው ታውቃላችሁ? ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቋረጠ። አዲሱ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ8ኛው ትውልድ በፊት የተሠሩትን አብዛኛዎቹን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አልቀበልም ይላል። ማሽኑ ይሠራል፣ ጤነኛ ነው፣ አልሳለም፣ አላነከሰም፤ «አርጅተሃል፣ ውጣ» ተባለ። እኛ ጡረተኞች ይህ ነገር ሲነገር አንጀታችን ይላወሳል። አሮጌ ነገር መጣል ነውር ነው! እኔ በዕድሜዬ አሮጌ ነገር ጥዬ አላውቅም። የአባቴን ሬዲዮ ለቆራሌው የሰጠሁት ቦታ ስለያዘብኝ ነው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

አሮጌውም ቢሆን ዓይነቱ ብዛቱ! አንደኛው ታወር የሚባለው፣ ቁመናው ደስ የሚል ጎበዝ፤ ልጁ አልፈልግም አለ። ሁለተኛው በጣም ትንሹ ነው፤ ዴል ማይክሮ፣ ኤችፒ ሚኒ፣ ሌኖቮ ታይኒ እያለ ይጠራዋል። «አባባ፣ ይህ አንድ ሊትር ያህል ነው» አለኝ። ኮምፒውተር በሊትር! ጠላ ነው እንዴ? አንድ ሊትሩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ግራፊክስ ካርድ የሚሰካበት ቦታ የለም፤ ስለዚህ ለቢሮ እንጂ ለጨዋታ አይመችም። ሦስተኛው መካከለኛው ነው፤ ስሞል ፎርም ፋክተር ይሉታል። ቀጭን ሆኖ በጎኑ የሚተኛ፣ ቁመቱ ግማሽ የሆነ ካርድ የሚቀበል። ልጁ በእሱ ተማረከ። 7ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ያለው፣ 8 ጊጋ ራም የተሰካበት አገኘ።

አገዛዙንስ ብነግራችሁ? እኛ በግ ስንገዛ ጥርሱን አይተን፣ ላቱን ጨብጠን፣ ከሻጩ ጋር ተሟግተን፣ ተኮራርፈን፣ ታርቀን፣ ጠላ ጠጥተን ነበር። ይህ ልጅ በቴሌግራም ሥዕል አይቶ፣ ፊቱን ላላየው ሰው በቴሌብር ብር ልኮ፣ ዕቃው በአውቶብስ ጎንደር፣ ከጎንደር ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በሚኒባስ ደባርቅ ደረሰለት። አንድም ክርክር የለ፣ አንድም ኩርፊያ የለ። እንዲህ ያለ ግብይት ሰውን ያደኸያል። ደግሞ መንገድ ላይ ሁለት ቀን ዘገየ! እኔ በበኩሌ የሚኒባሱን ረዳት እየደወልኩ «የት ደረሳችሁ?» ስል ነው የዋልኩት፤ ምን ያለ ዝግመት ነው?

አሁን ወደ ካርዱ። ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ይህ ለእናንተም ይጠቅማል። የቢሮ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ለሥራ እንጂ ለድግስ አልተሠራም፤ ለግራፊክስ ካርድ ተብሎ የተለየ ገመድ የለውም። ካርዱ መኖር ያለበት ከተሰካበት ሶኬት በሚያገኘው መብራት ብቻ ነው፤ ሕጉ እስከ 75 ዋት ይፈቅዳል፤ የአንዳንድ አሮጌ ማሽን ሶኬት ግን ከዚያም ያነሰ ነው የሚሰጠው። ጂቲኤክስ 1650 የሚባለው በቁመቱ አጭር ሆኖ የተሠራ ዓይነት አለው፤ 75 ዋቱን ሙልጭ አድርጎ ይበላል፤ ዋጋውም ኪስን እንዲሁ። ጂቲ 1030 ግን በ30 ዋት ይጠግባል፤ ምግቡም ትንሽ፣ ጉልበቱም ትንሽ፣ ዋጋውም ከሌላው ይሻላል። እሷን አዘዘ።

እንግዲህ የዘመኑን ተንኮል እዩ። በዚህ በአንድ ስም ሁለት ካርድ አለ! እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣችው 1030 ጂዲዲአር5 የሚባል ፈጣን ማስታወሻ ያላት ናት። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ያንኑ ስም ይዛ፣ ያንኑ መልክ ተቀብታ፣ ዲዲአር4 የሚባል ዘገምተኛ ማስታወሻ የተገጠመላት ወጣች፤ የማስታወሻዋ ፍጥነት የታላቋን አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። የእኛ ሻጭ የላከልን የትኛዋን ይመስላችኋል? አዎን፣ ታናሽቱን። በሕግ አምላክ! ድሮ ሁለት ወንድማማች እንኳ አንድ ስም አይወጣላቸውም ነበር። ልጁ በትሕትና መልእክት ጻፈ፤ መልስ የለም። ስልኩን ተቀብዬ እኔ ደወልኩና ዘር ማንዘሩን በአክብሮት ጠየቅሁት። በሳምንቱ ታላቂቱ መጣች። ክርክር ጠፍቶ የነበረው ግብይት ያኔ ወግ አገኘ።

ራም የሚባለው ሌላው ጣጣ ነው። 8 ጊጋው በአንድ ፍልጥ የተሰካ ነበር። ልጁ ሁለተኛ መሰል ፍልጥ ካልተጨመረ አይሆንም አለ፤ ማስታወሻው በሁለት መሥመር ሲሠራ ፕሮሰሰሩ ይፈጥናል፤ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ማሽንማ ልዩነቱ የጎላ ነው። ይህን ወዲያው ተረዳሁት፤ በአንድ በሬ ማን ያርሳል? በሬ በጥማድ ነው። ግዛ አልኩት። የራም ዋጋ ግን በዚያው ሰሞን ጣሪያ ነካ። ምክንያቱን ስጠይቅ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው አባባ» አለኝ። ለካ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለእሱ የሚሆን ግዙፍ ግዙፍ አዳራሽ ገንብተው የዓለሙን ማስታወሻ ጠራርገው እየወሰዱ ኖሯል። ማይክሮን የሚባለው የአሜሪካ ፋብሪካማ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ለተራው ሰው ራም የሚሸጥበትን ክሩሻል የተባለውን ክፍሉን እንደሚዘጋ አስታወቀ። አያችሁ? ትልልቁ ነገር የት እንደገባ ተገኘ፤ እነሱ ዘንድ ነው ያለው! እነሱ በአዳራሽ፣ እኛ በሊትር።

ካርዱ ተገኘ፣ ራሙ ተገኘ፤ ጓዙ ቀረ። ሞኒተሩ ከአንድ ቢሮ የተጣለ አሮጌ ነው፤ ቪጂኤ የሚባል ሰማያዊ ገመድ ብቻ ያውቃል። አዲሲቱ ካርድ ደግሞ ቪጂኤን አታውቅም፤ ኤችዲኤምአይ ነው ቋንቋዋ። ሁለቱን ለማነጋገር መለወጫ አዳፕተር የምትባል አስተርጓሚ ተገዛች። በእኛ ጊዜ ዕቃ ከዕቃ ጋር ለመግባባት ሽማግሌ አያስፈልገውም ነበር።

የማውሱን ነገር አታንሱብኝ። ያበራል። ኪቦርዱም ያበራል፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። የጆሮ ማዳመጫውም ያበራል። እስቲ ፍረዱኝ፤ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ያደረገ ሰው የገዛ ጆሮውን መብራት በምን ዓይኑ ነው የሚያየው? መብራት ያለው ደግሞ ከሌለው ይበልጥ ይወደዳል። ኪቦርዱስ? እኔ ወጣት ሳለሁ በሰሜን አውራጃ ጽሕፈት ቤት የኦሊቬቲ መኪና ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ደብዳቤ ስመታ ድምፁ ከገበያው ይሰማል፤ ሰዉ ሁሉ መንግሥት እየሠራ መሆኑን ያውቃል። ይህ ልጅ ሜካኒካል የሚባል ኪቦርድ ተውሶ መጣና ሌሊቱን ሲያንቋቋው እንቅልፍ ነሳኝ። «ዝም የሚል ግዛ!» አልኩት። ርካሹንና ዝምተኛውን ገዛ። ይኸው ስነካው ምንም አይሰማም። ድምፅ የሌለው ኪቦርድ መጻፉን በምን ታውቀዋለህ? ሰው አያማክሩም እንጂ ቢያማክሩኝ ኖሮ እነግራቸው ነበር።

ግጥሚያው የሆነው እኔው መደብ ላይ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ከውስጡ የወጣው የፈረንጅ አቧራ ለአንድ ጓሮ ይበቃል። ልጁ በብሩሽ ጠረገው፤ በፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን አሮጌ ቅባት ፋቀና አዲስ ቴርማል ፔስት አተር ታህል ጠብ አደረገ። ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ይህ ነው፤ ሲደርቅ ማሽኑ ይግልና ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ጥሩ። ነገር ግን ለዚያች አተር ለምታህል ጭቃ ገንዘብ ከፈልን! ደባርቅ ላይ፣ ቤት የሚመረግበት ጭቃ ሞልቶ ተርፎ፣ ጭቃ ተገዛ። ቪሱ ደግሞ ከጤፍ አይተልቅም፤ አንዱ ወድቆ ፍለጋው ግማሽ ቀን ፈጀ። የእኛን ዘመን ምስማር ማንም ጠፍቶበት አያውቅም፤ ይወጋዋላ።

ማራገቢያውስ? ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ ብርዳችን ያካክሰዋል። የብዙ ቢሮ ኮምፒውተሮች መመሪያ ማሽኑ እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ድረስ ይሠራል ይላል። ከዚህ ተነስታችሁ ወደ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ብትገቡ ሳንቃበር 3,250 ሜትር ነው፤ ጨነቅ 3,620። ስለዚህ በደንቡ መሠረት ደባርቅ ይጫወታል፣ ሳንቃበር አይጫወትም። ጭላዳዎቹ ጤነኛ ሆነው የኖሩበት ምክንያት ለእኔ ይህ ነው።

መብራቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሲመጣ ሳይናገር፣ ሲሄድ ሳይሰናበት። ስለዚህ ዩፒኤስ ተገዛ። ከጓዙ ሁሉ አንጀቴን ያራሰው እሱ ብቻ ነው፤ ከባድ ነው! ውስጡ የእርሳስ ባትሪ አለበት፤ ሲሸከሙት ወገብ ያስታውሰዋል። መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ ይዞ ያቆይና ሥራችሁን አስቀምጣችሁ እንድታጠፉ ይጮህላችኋል። ማሽኑና ሞኒተሩ በጨዋታ ጊዜ አንድ ላይ 100 ዋት ገደማ ይበላሉ። ልጁ ቁጭ ብሎ አሰላው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ሁሉም ተርባይን ባንድ ላይ ቢዞር 51 ሚሊዮን ተኩል እንዲህ ያለ ማሽን ያጫውታል አለኝ። ለዚህ ነው እንዴ ቦንድ የገዛሁት? እኔ የገዛሁት ለፋብሪካ ነው፤ ለቁም ነገር ነው! ቢያንስ ግን አንዱ ማሽን የእኛ ቤት መሆኑ ከቦንዱ ጋር ይሄዳል።

ደግሞ ጨዋታው ምን ሆነና! እኛ ገና በገና ሩሩን በዱላ ስንለጋ፣ አንዱ መንደር ከሌላው መንደር ጋር ሲፋለም፣ ጤና ነበር፤ ፍቅር ነበር። ይኸው ግንባሬ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ፍቅር ነው፤ ሁለት ጥርሴንም በዚያው ፍቅር አጣሁ። ዛሬ ልጁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኳስ ይጫወታል፤ ላብ የለ፣ ደም የለ። አዲስ አበባ ያሉ ወጣቶች ቅኔ ጌምስ በሚል ስም ተቋቁመው የእኛኑ ገበጣ በስልክ አድርገውታል፤ ኩኩሉ የሚሉት ጨዋታም አላቸው፤ ዶሮዋ እየሮጠች ከሚያሳድዳት ታመልጣለች። በእኛ ጊዜ ዶሮ አታመልጥም ነበር፤ ሥርዓት ነበራ። ገበጣዋን ግን አልነቅፋትም። ጠጠሯ አትጠፋም፣ ብቻዬንም ስጫወት ማንም አያጭበረብረኝም፤ እኔም ማጭበርበር አልቻልኩም እንጂ።

ልጁ እኔን ዝም ለማሰኘት ይመስለኛል፣ ቼኮች የሠሩትን ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የከባድ መኪና ጨዋታ ጫነልኝ። ቀላል ጨዋታ ስለሆነ ለ1030 አይከብዳትም። ምን ልበላችሁ፣ ከንቱ ነገር ነው። የአውሮፓ መንገድ መንገድ አይባልም፤ ሜዳ ነው። ኩርባ ብለው ያስቀመጡት ነገር ድብ ባሕር ላይ የከብት መንገድ አይሆንም። ጣልያን በወረራው ዘመን ያስቆረጠውን ሊማሊሞን በጭነት መኪና፣ በጉም፣ በክረምት የወረደ ሰው ሃምቡርግን ምን ይላታል? ባለቤቴ «አንቱ፣ እራትዎ እኮ በረደ» ትለኛለች፤ ጭነቱ ሰዓት አለው፣ ሃምቡርግ ሳልደርስ እንዴት እነሳለሁ? ሴት የሥራ ጠባይ አይገባትም። በዚህ ላይ ፍሬሙ በሰከንድ ከ30 በታች ሲወርድ ዓይኔን ያመኛል፤ የጥላውን ጥራት ዝቅ፣ የመስተዋቱን ደግሞ መካከለኛ ላይ አድርጌ ነው የማስተካክለው። ይህን የማያውቅ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይማራል ይባላል!

ወጣት ሆኖ ብዙ ሰዓት መቀመጥ ለጤና አይበጅም። ዓይን ይጎዳል፣ ወገብ ይጎብጣል። ይህን ስላወቅሁ ከእራት በኋላ ያለውን ሰዓት እኔ ይዤለታለሁ፤ ለእሱው ብዬ ነው። እሁድን ጨምሬ የያዝኩትም ለዚሁ ነው። ማሽኑንም ወደ እኔ ክፍል አስመጣሁት፤ ቁመናው አነስተኛ ስለሆነ መደቡ ላይ ከትራሴ ጎን ልክክ ብሎ ገብቶልኛል፤ ከኋላው የሚወጣው ሙቀት ደግሞ ለእግር ነው፤ ሌሊቱ ሲበርድ ጋቢ እንኳ አያሻኝም። እሱ ግን ምስጋና የለውም፤ «አባባ፣ ተራዬ መቼ ነው?» ይላል። እኛ ከትልቅ ሰው ተራ ጠይቀን እናውቃለን?

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ፍርዴ ይህ ነው፤ ዘመኑ ጠፍቷል፣ አይመለስም። ትንሹ ማሽን ወደ እናንተም ቤት መምጣቱ አይቀርምና ምክሬን ያዙ። ከመክፈላችሁ በፊት ክዳኑን አስከፍቱ፤ የካርድ ቦታ ያለው መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ካርዷ ቁመቷ አጭር፣ ማስታወሻዋ ጂዲዲአር5 ትሁን። ራሙን ሁለት አድርጉት። የሞኒተሩን ገመድ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መብራት ላለው ማዳመጫ የምትከፍሉትን ትርፍ ለዩፒኤስ አውሉት። ከሁሉ በላይ ግን ማን ስንት ሰዓት እንደሚይዘው ገንዘቡ ሳይወጣ፣ በሽማግሌ ፊት ተዋዋሉ፤ ኋላ ልጆቹ ያስቸግሯችኋል።